የጀግናው ሞትና የተመልካቹ ዕዳ

አንድ ጀግና ለወገኑ ያለውን ሁሉ ከሰጠ በኋላ በሕይወት የመኖር መብት አለውን? ወይስ የመሥዋዕትነቱን እውነተኛነት የሚመሰክርለት መቃብሩ ብቻ ነው? ለተውኔት ጸሐፊ ይህ የዘወትር የሥራ ጥያቄ ነው፤ የመጨረሻው ገቢር ላይ ሲደርስ ብዕሩን አንሥቶ የሚያመነታው በዚሁ ጉዳይ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ጥያቄው ከጸሐፊው ጠረጴዛ ወጥቶ የብዙ ሺህ ተመልካቾች ክርክር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የባትማን ተከታታይ ፊልሞች መደምደሚያ ያስነሣው ክርክር ከእነዚህ አንዱ ነው። ዓመታት ያለፉት ቢሆንም፣ ስለ ጀግንነት ያለንን እምነት ከሥሩ የሚፈትን በመሆኑ እንደገና ሊመረመር ይገባዋል።

ባትማን የተባለው ገጸ ባሕርይ በቦብ ኬንና በቢል ፊንገር ተፈጥሮ በሥዕላዊ መጽሔት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። ብሩስ ዌይን የተባለ የከበርቴ ልጅ ወላጆቹ በዐይኑ ፊት በወንበዴ ጥይት ይገደሉበታል። ካደገ በኋላ ፊቱን በጭምብል ሸፍኖ፣ የሌሊት ወፍ አምሳል ለብሶ፣ ጎታም በምትባል የፈጠራ ከተማ ወንጀልን ይዋጋል። እንደ ብዙዎቹ ልዕለ ጀግኖች ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይል የለውም፤ ያለው ሥጋው፣ ሀብቱና ቁጭቱ ነው። ለሞት የተጋለጠ መሆኑ ነው ለተመልካቹ ያቀረበው።

በለንደን የተወለደው የፊልም አዘጋጅ ክሪስቶፈር ኖላን ይህን ገጸ ባሕርይ ይዞ ሦስት ተያያዥ ፊልሞች ሠርቷል። የመጀመሪያው «ባትማን ቢጊንስ» እ.ኤ.አ. በ2005፣ ሁለተኛው «ዘ ዳርክ ናይት» በ2008፣ የመጨረሻው «ዘ ዳርክ ናይት ራይዝስ» በጁላይ 2012 ለሕዝብ ቀረቡ። በሦስቱም ጀግናውን የተጫወተው ክርስቲያን ቤል ነው። በሁለተኛው ፊልም ጆከር የተባለውን ክፉ ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ሂዝ ሌጀር ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት በጃንዋሪ 2008 በ28 ዓመቱ ሞተ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ከሞቱ በኋላ የኦስካር ሽልማት ተሰጠው። ስለዚህ ሦስተኛው ፊልም ይጠበቅ የነበረው እንደ አንድ አዲስ ሥራ ብቻ አልነበረም፤ ሊፈጸም እንደሚገባው ቃል ኪዳን ነበር።

ጉጉቱ ምን ያህል እንደነበረ አንድ ሁኔታ ያስረዳል። ፊልሙ ለሕዝብ ከመቅረቡ ከጥቂት ቀናት በፊት፣ አስቀድመው ካዩት ሐያስያን አንዳንዶቹ ሥራው እንዳልተዋጣለት ሲጽፉ፣ ፊልሙን ገና ያላዩ አፍቃሪዎች የስድብና የግድያ ዛቻ አወረዱባቸው። የፊልም ሂሶችን የሚያሰባስበው «ሮተን ቶሜቶስ» በዚህ ፊልም ላይ የአንባቢያንን አስተያየት መቀበል እስከ ማቋረጥ ደረሰ። ሰው ያላየውን ሥራ ለመከላከል ሌላውን ሰው እስከ መዛት ሲደርስ፣ የሚከላከለው ሥራውን ሳይሆን በሥራው ላይ ያሳደረውን የራሱን ተስፋ ነው።

የታሪኩ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። በሁለተኛው ፊልም መጨረሻ የከተማዋ ዐቃቤ ሕግ ሃርቪ ዴንት በሐዘን ተሰብሮ፣ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ይሞታል። ሕዝቡ ተስፋ እንዳይቆርጥ በማለት ባትማን የዴንትን ወንጀል በራሱ ላይ ይወስዳል፤ የፖሊሱ አዛዥ ጎርደንም ዴንትን እንደ ንጹሕ ጀግና ያስመሰግነዋል። ሦስተኛው ፊልም የሚጀምረው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። በዴንት ስም በወጣ ሕግ ብዙ ሰዎች ያለ አመክሮ ታስረው ከተማዋ ጸጥ ብላለች፤ ብሩስ ዌይንም ምርኩዝ ይዞ በቤቱ ተከርችሟል። በዚህ ጊዜ ቤይን የተባለ ጭምብል ለባሽ ይመጣል። የባትማንን ጀርባ ሰብሮ በሩቅ አገር በሚገኝ ጥልቅ የጉድጓድ እስር ቤት ይጥለዋል፤ የዴንትን ምስጢር በአደባባይ ያወጣል፤ እስረኞችን ፈትቶ፣ ከተማዋን በኑክሊየር ቦምብ አግቶ ለወራት ይገዛታል። ብሩስ ከጉድጓዱ ያለ ገመድ ወጥቶ ይመለሳል። ሊፈነዳ የተቃረበውን ቦምብ በበረራ መሣሪያው አንጠልጥሎ ወደ ባሕር ይወስደዋል፤ ቦምቡም ይፈነዳል። ከተማዋ ሐውልት ታቆምለታለች፤ ያሳደገው አገልጋዩ አልፍሬድ በመቃብሩ አጠገብ ቆሞ ያለቅሳል። በመጨረሻ ግን የበረራ መሣሪያው ያለ ነጂ እንዲበር ሆኖ አስቀድሞ ተጠግኖ እንደነበር ይታወቃል። አልፍሬድም በፍሎረንስ ከተማ በአንድ ቡና ቤት ተቀምጦ ሳለ ብሩስ ዌይንን ከሴሊና ካይል ጋር በሌላ ጠረጴዛ ያየዋል። በራስ ንቅናቄ ሰላምታ ይለዋወጣሉ እንጂ አይነጋገሩም።

ይህ መጨረሻ አፍቃሪዎቹን ከፋፈለ። አንደኛው ወገን ተደስቶ ወጣ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሐዘን ያልተለየው ሰው ዕረፍት በማግኘቱ አለቀሰ። ሁለተኛው ወገን ተታለልን አለ፤ ቦምቡ ሲፈነዳ ያፈሰሰው ዕንባ ከደቂቃዎች በኋላ ሲነጠቅበት ተናደደ። ሦስተኛው ወገን ሁለቱንም አልተቀበለም፤ ፊልሙ በአልፍሬድ ፊት ላይ ቢቆምና ያየውን ሰው ባያሳየን ኖሮ ይበጅ ነበር አለ። አራተኛው ወገን ደግሞ ጥያቄውን ከሌላ ማዕዘን አነሣው፤ ባትማን ሥራውን የማይተው ሰው ነው፣ ስምንት ዓመት ቤቱ ተቀምጦ በመጨረሻም ጡረታ የሚወጣው ሰው የእኛ ባትማን አይደለም አለ። ከእነዚህ ሌላ ዝርዝር ጉድለቶችን የቆጠሩም ነበሩ፤ የተሰበረ ጀርባ በገመድና በቡጢ እንዴት ይድናል? ገንዘብ የሌለው እስረኛ ከዚያ በረሃ ተነሥቶ ወደ ተከበበችው ከተማ እንዴት ገባ? እነዚህ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ሰው የታሪክን ቀዳዳ መቁጠር የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ልቡ ከታሪኩ ከወጣ በኋላ ነው። ዋናው ጉዳይ የጀግናው መሞትና መኖር ነበር።

እንግዲህ ሁለተኛውን ወገን በቅድሚያ እናድምጥ፤ ክርክሩ ቀላል አይደለምና። መሥዋዕትነት መሥዋዕትነት የሚሆነው የማይመለስ ነገር ሲሰጥ ነው። የተከፈለው ዋጋ ከነሙሉነቱ ወደ ከፋዩ ኪስ ከተመለሰ፣ ነገሩ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ ብድር ይሆናል። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የነጻነት ዋጋ ከባድ እንደሆነ ሲያስተምረን ቆይቶ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ዋጋውን ሰርዞታል የሚለው ወቀሳ፣ ከኪነ ጥበብ ሕግ አንጻር ሚዛን ይደፋል።

ከሥነ ምግባር አንጻርም ሌላ ወቀሳ ሊጨመርበት ይችላል። ፊልሙ የዴንትን ሐሰት አውግዟል፤ በሐሰት ላይ የተሠራ ሰላም አንድ ደብዳቤ በአደባባይ ሲነበብ እንደሚፈርስ አሳይቷል። ታዲያ ይኸው ፊልም በሌላ ሐሰት እንዴት ይደመድማል? ከተማዋ በሕይወት ላለ ሰው ሐውልት አቁማለች። መልሱ ሁለቱ ሐሰቶች በሚያስከትሉት ጉዳት መለያየታቸው ነው። የመጀመሪያው ሐሰት ሰዎችን አሳስሯል፤ ለገዥዎች መሣሪያ ሆኗል። ሁለተኛው ማንንም አላሳሰረም፤ ለማንም ሥልጣን አልሰጠም። አንድ ሰው ብቻ በድሏል፤ እርሱም አልፍሬድ ነው።

በእኔ አስተያየት የፊልሙ መፍቻ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከተከራካሪዎቹ ብዙዎቹ ያለፉትም ይህንኑ ነው። ማይክል ኬን የተጫወተው ይህ ሽማግሌ የብሩስን አባትና እናት ቀብሯል፤ ልጃቸውን አሳድጓል፤ ቁስሉን ሰፍቷል። በሦስተኛው ፊልም መጀመሪያ አካባቢ አንድ ምኞቱን ይናገራል። ብሩስ ከአገር ርቆ በነበረባቸው ዓመታት፣ በየዓመቱ ፍሎረንስ ሄዶ በአንድ ቡና ቤት እየተቀመጠ፣ ልጁ ከትዳር ጓደኛው ጋር በሌላ ጠረጴዛ ተቀምጦ እንዲያየው ይመኝ እንደነበር ይገልጻል። የሚፈልገው እንዲመለስ ሳይሆን ደኅና ሆኖ እንዲኖር ብቻ ነበር። የመጨረሻው ትዕይንት ይህ ምኞት ሲፈጸም ነው። እንግዲህ ያ ቡና ቤት ለጀግናው የተሰጠ ሽልማት ወይም ለተመልካቹ የተሰጠ ማባበያ ብቻ አይደለም፤ ዕድሜውን ሙሉ በአገልጋይነት የኖረ ሰው ለፈሰሰው ዕንባ የተከፈለ ካሣ ነው። ስለ ጀግናው የሚገባውና የማይገባው ሲከራከሩ የሰነበቱት አፍቃሪዎች፣ ለእርሱ ምግብ ያቀረበለት፣ ደሙን የጠረገለት ሰው ምን እንደሚገባው የጠየቁት ምን ያህል ናቸው? ታላላቅ ሰዎችን የምናይበት ዐይን ከጎናቸው የሚደክመውን ሰው እንዲህ ይጋርድብናል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንመለስ። የጀግናውን ሞት ለምን እንሻለን? «የሞተ ተጎዳ» ይላል አገሩ፤ በመድረክ ላይ ግን የሞተ ይከብራል። የእኛም ተውኔት ለዚህ እንግዳ አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ለመድረክ ያበቃቸው ቴዎድሮስና አቡነ ጴጥሮስ፣ አንዱ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሱን የሠዋ፣ ሌላው በ1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት የወደቁ ናቸው። ነገር ግን እነዚህን የገደላቸው ታሪክ ነው፤ ጸሐፊው ሊያድናቸው አይችልም ነበር። በፈጠራ ገጸ ባሕርይ ጊዜ ግን ሞቱ የእኛ ምርጫ ነው። የመረጥንበትን ምክንያት የመመርመር ግዴታም አለብን።

አንደኛው ምክንያት ክቡር ነው፤ ከላይ እንዳልነው ሞት የስጦታውን እውነተኛነት ያረጋግጣል። ሁለተኛው ምክንያት ግን ያን ያህል ክቡር አይደለም። የሞተ ጀግና አይጠይቀንም። ሐውልቱን እናቆምለታለን፤ አበባ እናኖርለታለን፤ ወደ ቤታችን እንገባለን። ሐውልት የክብር ምልክት ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ የዕዳ መዝጊያ ደረሰኝም ነው። በሕይወት ያለ ጀግና ግን፣ ያውም ሥራውን ትቶ እንደማንኛውም ሰው ቡናውን የሚጠጣ ጀግና፣ ዕዳውን አይዘጋልንም። ተራው የማን እንደሆነ ሳይናገር ይጠይቃል። ድርሻዬን ጨርሻለሁ የሚል ሰው የቀረውን ድርሻ በእኛ እጅ ያስቀምጣል። ምናልባት ብዙዎቹን ያስቆጣው መታለላቸው ብቻ ሳይሆን ይህ ጥያቄ ይሆናል።

ይህን ስል ግን ፊልሙን ከወቀሳ ነጻ ማድረጌ አይደለም። እኔ የማቀርበው ወቀሳ ጀግናው መትረፉን አይመለከትም፤ የሕዝቡን መጥፋት ነው። የፊልሙ ጽሑፍ ከዚያ በፊት የተዘጋጀ ቢሆንም፣ በኒው ዮርክ የተቀረጸው በ2011 መኸር፣ የከተማዋ ወጣቶች በዎል ስትሪት አካባቢ በሴፕቴምበር 17 ቀን የጀመሩት የተቃውሞ ስብሰባ በቀጠለበት ወቅት ነበር። ጥቂቶች ሀብቱን ሁሉ ይዘዋል የሚለው ጩኸት ከአእምሮ ሳይጠፋ ተመልካቹ ቤይን የገንዘብ ገበያውን ሲያጠቃ፣ የሀብታሞች ቤት ሲዘረፍ፣ በሕዝብ ስም የቆመ ፍርድ ቤት ሰዎችን በበረዶ ላይ ወደ ሞት ሲነዳ አየ። ኖላን በቻርልስ ዲክንስ የ1859 ልብ ወለድ፣ «የሁለት ከተሞች ወግ» በተባለው፣ እንደተመራ ገልጿል፤ የፈረንሳይ አብዮት ጥላ በፊልሙ ውስጥ በግልጽ ይታያል። ስለዚህ አንዳንዱ ፊልሙ የድሆችን ቁጣ አጠለሸ ብሎ ወቀሰ። በአንጻሩ ራሽ ሊምባው የተባለው የቀኝ ክንፍ የሬዲዮ ተናጋሪ፣ የቤይን ስም የዘመኑን ዕጩ ፕሬዚዳንት የሚት ሮምኒን የቀድሞ ኩባንያ ስም ስለሚመስል ሴራ አለበት አለ፤ ቤይን የተባለው ገጸ ባሕርይ ግን የተፈጠረው በ1993 ነበር።

ሁለቱም ወገኖች ያላስተዋሉት ነገር አለ። ፊልሙ የሕዝቡን አመጽ ከማጠልሸት የበለጠ ሕዝቡን ጨርሶ አላሳየም። ለወራት በታገተችው ከተማ ጋጋሪው፣ አስተማሪው፣ የመንገድ ጠራጊው ምን አሰቡ? በምሥጢር የተሰበሰበ ሠፈር፣ እንጀራውን የተካፈለ ጎረቤት የለም። የምናየው ፖሊሶች፣ ቅጥረኞችና የተፈቱ እስረኞች ናቸው፤ ሕዝቡ በመስኮት ይመለከታል። አንድ ሰው ከአንድ ጉድጓድ እስኪወጣ ድረስ አንድ ሙሉ ከተማ ይጠብቃል። ሲኒማ ቤት በጨለማ ተቀምጦ የሚጠብቀው ተመልካችና በመስኮት የሚጠብቀው የጎታም ሕዝብ አንድ ይሆናሉ። የልዕለ ጀግና ታሪክ ሁሉ የተሸከመው አደጋ ይህ ነው፤ መጠበቅን ያስተምራል።

ከዚህም ጋር የንግዱ ነገር አለ። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ የምትታለብ ላም ደግሞ አትታረድም። ብሩስ ዌይን ቢቀበርም ባይቀበርም፣ በ2016 ቤን አፍሌክ፣ በ2022 ሮበርት ፓቲንሰን ያንኑ ጭምብል አጥልቀው ቀርበዋል። እንዲህ ባለው ዓለም የጀግናው ሞት ከመጀመሪያውም የሚጸና አልነበረም። አፍቃሪዎቹ በእውነተኛ ስሜት ሲከራከሩ የነበሩት፣ ባለንብረቶቹ እንደገና ሊከፍቱት በሚችሉት መቃብር ላይ ነው። ይህ የአፍቃሪዎቹን ስሜት ሐሰት አያደርገውም፤ የስሜታቸውን ባለ ዕዳ ግን ያሳያል።

በዚህ ፊልም ታሪክ ውስጥ ሊታለፍ የማይገባው መሪር ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 20 ቀን 2012፣ በኮሎራዶ ግዛት በኦሮራ ከተማ፣ በእኩለ ሌሊት በተከፈተው የመጀመሪያ ትዕይንት ላይ አንድ ታጣቂ ወደ ሲኒማ ቤቱ ገብቶ ተኩስ ከፈተ። 12 ሰዎች ተገደሉ፤ 70 ያህል ቆሰሉ። በዚያ ጨለማ ውስጥ የሚጠበቅ ጭምብል ለባሽ አልነበረም። ከሞቱት መካከል ግን ወዳጃቸውን በገላቸው ሸፍነው፣ ጥይቱን በራሳቸው ተቀብለው የወደቁ ወጣቶች ነበሩ። ፊልም ለማየት ትኬት ቆርጠው የገቡ ተራ ሰዎች ነበሩ። ከአራት ቀን በኋላ ክርስቲያን ቤል ያለ ጭምብልና ያለ ካባ ወደ ሆስፒታሉ ሄዶ ቁስለኞቹን ጠየቀ፤ እንደ ሰው ሊያደርገው የሚችለው ያ ነበርና።

ይህን ካሰብን በኋላ ፊልሙ በውስጡ የያዘውን፣ ነገር ግን ራሱ እስከ ፍጻሜ ያልተከተለውን አንድ ታላቅ ሐሳብ ማየት እንችላለን። በ2005ቱ ፊልም፣ ወላጆቹ በተገደሉ ሌሊት፣ ጎርደን የተባለ ተራ ፖሊስ በሕፃኑ ብሩስ ትከሻ ላይ ካፖርት ይደርብለታል። ሰባት ዓመት ቆይቶ በወጣው የመጨረሻ ፊልም፣ ባትማን ቦምቡን ይዞ ሊሄድ ሲል ማንነቱን ለጎርደን የሚገልጽለት ያችን ካፖርት በማስታወስ ነው፤ ጀግና ማለት ለተከዘ ሕፃን ካፖርት የሚደርብም ሰው ነው የሚል መልእክት ይተውለታል። በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ከፈሰሰባቸው ፍንዳታዎች ሁሉ ይህች ካፖርት ትበልጣለች። ጀግናው የጀመረው ከዚያች ካፖርት ነው፤ ፊልሙም ሕዝቡን በመስኮት ባያስቀር ኖሮ ካፖርቷ የከተማዋ ሁሉ ታሪክ በሆነች ነበር።

እንግዲህ ለመነሻው ጥያቄ ምን መልስ እንስጥ? ጀግና የመኖር መብት አለው። የመሥዋዕትነት መለኪያ የሬሳ ሣጥን አይደለም፤ ከጀግናው በኋላ ሸክሙን የሚያነሡ እጆች መብዛታቸው ነው። ሞቶ ተከታይ ያላፈራ ጀግና ከሐውልቱ ድንጋይ ያለፈ ነገር አይተውም፤ ኖሮ ሌሎችን ያስነሣ ግን ቡናውን በሰላም ቢጠጣ አያሳፍረውም። የሥነ ጽሑፍና የተውኔት ባለሙያዎችም መጨረሻን ስንጽፍ ልንጠይቀው የሚገባው ጀግናው ሞተ ወይስ ኖረ የሚለውን ብቻ አይደለም። ተመልካቹ መጋረጃው ሲዘጋ ዕዳው የተከፈለለት መስሎት እጁን አራግፎ ይወጣል? ወይስ በውጭ ብርድ የሚንቀጠቀጥ ሕፃን ሲያይ ካፖርቱን ያወልቃል? አስተማሪም ይህን ፊልም ካዩት ተማሪዎቹ ጋር ሲወያይ፣ መጨረሻውን ወደዳችሁት ወይ ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ከተማዋ ስትታገት እናንተ በየትኛው መስኮት ነበራችሁ ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው። የጀግናው መጨረሻ የደራሲው ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ ግን የእኛ ነው።